አራት ለዜሮ፣ አራት ለዜሮ፣ ከዚያ አራት ለሁለት!

ይህን ነገር ለሰው ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ማንሳቷን የማያውቅ የለም፤ ልጅ አዋቂው ይለዋል። ግን ያን ዋንጫ ከማን እጅ ነጥቀን፣ ከምን ዓይነት ሽንፈት ተነስተን እንደወሰድነው ስንቶቻችን ተነግሮናል? ለእኔ የነገሩኝ እዚሁ ጨንቻ፣ ጋቢ ላሠራ የሄድኩባቸው አንድ አዛውንት ሸማኔ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የውጤቱን መዝገብ፣ የድሮዎቹን ፎቶዎች፣ የተጫዋቾቹን ሕይወት ሳገላብጥ ከረምኩ። ባገላበጥኩ ቁጥር ታሪኩ እየጣመኝ ሄደ፤ እስከዛሬም አልጠገብኩትም። እናንተም ስሙልኝ!

አዛውንቱ ያኔ ልጅ ነበሩ። ብዙ የጋሞ ደጋ ልጆች እንደሚሆኑት አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ገብተው ማግ በቀሰም ያጠነጥናሉ። ስታዲየም አልገቡም፤ የመግቢያውን ከየት ያመጡታል? የፍጻሜው ዕለት፣ ጥር 13 ቀን አመሻሽ ላይ ግን ሕዝቡ ከታች ከስታዲየም እየጨፈረ ሽቅብ ሲመለስ መንገድ ዳር ቆመው አይተዋል። ይህን ሲያጫውቱኝ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ መርገጡን አላቆመም፤ መወርወሪያዋም ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በድሩ መሐል እየሾለከች ነበር። አንድ ነገር ላይ ሲደርሱ ብቻ መወርወሪያዋን ያዝ አደረጓት። "ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አራት አራት አግብተውብናል" አሉኝ።

ሁለት ጊዜ! አራት አራት! ቤቴ ገብቼ ሳጣራ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት።

1949 ዓ.ም.፣ ካርቱም። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ዘመኑን አስቡት፤ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነው። ጋና እንኳ ነጻነቷን ያወጀችው ያ የመጀመሪያ ውድድር ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእሷ ጋር ትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች። እዚያ ግብፅ ትጠብቀን ነበር። 4 ለ 0! አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፤ ኤል ዲባ ይባላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ 1951 ዓ.ም.፣ ካይሮ። አሁንም ግብፅ፤ ያኔ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ሆኗል። አሁንም 4 ለ 0። ከአራቱ ሦስቱን ያገባው ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. በአሰልጣኝነት ለግብፅ ዋንጫውን ያመጣው ያው ኤል ጎሃሪ። በዚያው ውድድር ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን።

እንግዲህ ደምሩት። እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ ተጫውታለች። የገባባት ዘጠኝ ጎል። ያገባችው? ዜሮ! አንድም ጎል የለም! አህጉሪቱ ደግሞ ከግብፅ ሌላ ሻምፒዮን አይታ አታውቅም። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዚህ ዜሮ ላይ ቆማችሁ እዩት።

ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፤ ድምፃቸው ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በሸክላ የተቀረጸው የዚያ ባለቅኔና ዜመኛ ልጅ። ጅማ ተወልደው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተው፣ ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ ሆነው፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይዷን እንደያዘች ወደ ዓለም ስፖርት እንዳትመለስ በየጉባኤው የተሟገቱትም እሳቸው ናቸው። ስለ ይድነቃቸው ብዙ ተጽፏል፤ ቢጻፍም አይበቃም። እኔ ግን ዛሬ ልቤ ያለው ከተጫዋቾቹ ጋር ነው።

ስማቸውን እባካችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ግብ ጠባቂው ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም። ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ ጌታቸው ወልዴ። የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ። ከዚያም ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ታናሹ ኢታሎ። ቫሳሎዎቹ የአስመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ሉቺያኖ በወጣትነቱ ሜካኒክ ነበር፤ ድሬዳዋ ወርዶም ለኮተን ቡድን ተጫውቷል። እስቲ ስሞቹን ደግማችሁ እዩዋቸው፤ ከየት ከየት እንደተሰባሰቡ ስሞቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ። አስመራ፣ ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ በአንድ ማሊያ! እነዚህን አሥራ አንድ ሰዎች ሳስብ ደረቴ ይሞላል።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ። ተጋጣሚያችን ቱኒዚያ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። አሁን ራሳችሁን ደጋፊው መሐል አድርጉ። በዚህ ውድድር ታሪክ አንድ ጎል አግብተን አናውቅም፤ አስተናጋጅ ነን፤ እና 2 ለ 0 እየተመራን ነው። የዘንድሮ ደጋፊ ቢሆን ተነስቶ ታክሲ ፍለጋ ይወጣ ነበር። ልጆቹ ግን አራት አገቡ! ሉቺያኖ አገባ፣ ግርማ አገባ፣ መንግሥቱ ሁለት ጨመረ፤ 4 ለ 2 አለቀ። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ያላየ ቡድን በአንድ ከሰዓት አራት አገባ ማለት ነው።

ከዚያ ፍጻሜው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ጥር 13። ጥምቀት ከተከበረ ሁለት ቀን፣ ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት፣ እሑድ ቀን። ከተማው ገና ከበዓሉ አልወጣም፤ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ታቦት ሸኝቶ ቀጥሎ ስታዲየም ነው። ለመሆኑ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የለበሰችው ነጠላና ጋቢ ምን ያህሉ ከጋሞ ልጆች እጅ የወጣ ይሆን? ሽሮ ሜዳን ለሚያውቅ መልሱ ግልጽ ነው።

35ኛው ደቂቃ ላይ የግብፁ በዳዊ አገባ። 1 ለ 0። ከዚያ ሰዓቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ዕረፍት ተወጥቶ ተገባ። የካርቱሙና የካይሮው ትዝታ በእያንዳንዱ ደቂቃ እየከበደ መጥቶ ይሆናል። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን! ስታዲየሙ ገና ጮኾ ሳይጨርስ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ያው በዳዊ ደግሞ አገባ። 2 ለ 1።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቡድን የሚሰበረው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። አቻ ሆነህ፣ ተቃቅፈህ፣ ወዲያው ሲገባብህ ጉልበት ይከዳል። ተጋጣሚህ ሁለት ጊዜ አራት አራት ያገባብህ የአህጉሩ ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ ምን ትላለህ? እነሱ ያሉትን እነሆ፦ 84ኛው ደቂቃ፣ አምበሉ ሉቺያኖ፣ ጎል! 2 ለ 2። ተጨማሪ ሰዓት። 101ኛው ደቂቃ፣ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፣ ጎል! ወንድም አቻ አደረገ፣ ወንድም አስቀደመ! 117ኛው ደቂቃ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ጎል! 4 ለ 2!

ፈጣሪዬ! ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው "አበዛኸው" እንለው ነበር።

ስለዚያ 117ኛው ደቂቃ ከጨንቻ ሆኜ የምለው አለኝ። እዚህ ኳስ የተጫወተ ሰው ያቺ ጎል ምን እንደምትጠይቅ ከማንም በላይ ይገባዋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀት ነው፣ አባያና ጫሞ ከሥሯ ተኝተዋል። ከዚያ ዳገቱን ተጠማዝዛችሁ፣ ዶርዜን አልፋችሁ፣ ቀርከሃውን ግራና ቀኝ እያያችሁ ጨንቻ ስትደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ። ከታች ለወዳጅነት ጨዋታ የሚመጡትን ልጆች አይቻቸዋለሁ። ጥበባቸው ያስቀናል፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ኳሱን ከእኛ ልጆች ይደብቁታል። ከዚያ አንዱ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሌላው አፉን ይከፍታል፣ ጉሙ ሜዳው ላይ ሲወርድ የእኛዎቹ ጭቃውን እየረገጡ ገና መሮጥ ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ካይሮ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። በዚያ አየር 90 ደቂቃ ሮጦ፣ ሌላ 30 ደቂቃ ተጨምሮ፣ 117ኛው ላይ ሮጦ ማግባት!

"እንግዲያውስ አየሩ ነው ያሸነፈው" የሚል አይጠፋም። አየሩማ ያው የጥር አየር ነበር፤ በ75ኛውም ደቂቃ እዚያው ነበር፤ ግብፆች ግን እየመሩ ነበር። ሳንባ ያለው ሁሉ ዋንጫ አይበላም። እየተመራ ያልደነገጠ ልብ ነው ሳንባውን ሥራ ላይ ያዋለው።

"አራት ቡድን ብቻ፣ ሁለት ጨዋታ ብቻ፣ ያውም በገዛ አገራቸው" የሚልም አለ። አዎ፣ አራት ቡድን ነበር፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነት፣ ግብፅ በሻምፒዮንነት በቀጥታ ገቡ፤ ሌሎቹ በማጣሪያ። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው በሦስት ቡድን ውድድር ነው፤ ማንም ከመዝገቧ አልፋቀባትም። በአገር መጫወትንም ቢሆን እናውቀዋለን፤ በ1960 ዓ.ም. እና በ1968 ዓ.ም. እኛው አዘጋጅተን ዋንጫውን ሌሎች ይዘውት ሄደዋል። ሜዳው ብቻውን ዋንጫ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሦስት ይኖረን ነበር። በእኔ ሚዛን በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ካሉት ፍጻሜዎች ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ጥቂት ነው፤ ይህን ስል አገሬ ስለሆነች ብቻ አይደለም።

የዋንጫው ነገር ራሱ ይገርማል። ያ የብር ዋንጫ የተሰየመው በኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በአብዱልአዚዝ አብደላ ሳሌም ስም ነው፤ ሰውየው ግብፃዊ ናቸው። በግብፃዊ ስም የሚጠራውን ዋንጫ፣ ግብፅ ብቻ ይዛው የኖረችውን ዋንጫ፣ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ለአስመራው ልጅ ለሉቺያኖ አስረከቡ። ዋንጫው ዛሬ የጋና ነው፤ ጋና በ1970 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለዘለቄታው ወሰደችው። ከላዩ ላይ የኛን ታሪክ የሚፍቅ ግን የለም።

መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ውድድር በሦስት ጎል ከበዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ፤ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አስቆጥሯል። ጫማውን ሰቅሎም አላረፈም፤ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ወደተካሄደው ውድድር ኢትዮጵያን ያደረሰው አሰልጣኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም! አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ብሔራዊ ቡድኑን በአፍሪካ ዋንጫ ሳያይ ኖረ።

አሁን ደግሞ ስሙኝ፤ ይህን ሳገኝ ብቻዬን ጮኼያለሁ። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎች፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ በ2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ለደቡብ አፍሪካው ውድድር አለፉ። የመጀመሪያ ጨዋታቸው ኔልስፕሩት ከተማ ውስጥ፣ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑስ? ጥር 13! በትክክል ሃምሳ አንድ ዓመት! ዛምቢያ ደግሞ ማን ናት? የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን! ሳላዲን ሰይድ የመታው ፍፁም ቅጣት ምት ተመለሰ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ ጎል ገባብን። አሥር ሰው ቀርተን፣ እየተመራን፣ ከሻምፒዮን ጋር። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ! 1 ለ 1! ያን ቀን የጮኸው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ቀኑ የማን ቀን እንደሆነ ማን ነግሮን? ውድድሩ በኋላ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈን አለቀ፤ እሱን እተወዋለሁ። ያቺ የጥር 13 ነጥብ ግን ለእኔ ከብዙ ድል ትበልጣለች።

እዚህ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ለሚጫወቱት ልጆች የአሥራ አንዱን ስም ጽፌ አነበብኩላቸው። የአርሰናልን አሰላለፍ በእንቅልፍ ልባቸው የሚጠሩ ልጆች ናቸው። ዜሮ ጎል የሚለው ላይ ሳቁ፣ 74ኛው ደቂቃ ላይ ዝም አሉ፣ 117ኛው ላይ ዘለሉ። በማግስቱ ሜዳ ስደርስ ሁለቱ "መንግሥቱ እኔ ነኝ" ተባብለው ተጣልተዋል፤ አንድ ቀጭን ልጅ ደግሞ ማንም ሳይሻማው ጊላ ሚካኤልን ወስዶ በረኛ ቆሟል። የጎደለው ፍላጎት እንዳልነበረ ያን ቀን ገባኝ፤ የሚነግር ሰው ነው ያጣነው።

መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. መባቻ በስደት በኖረባት ጣሊያን አረፈ። ያን እሑድ አሥራ አምስት ዓመቱ የነበረ ደጋፊ ዛሬ ሰማንያ ገደማ ሆኖታል። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጨንቻም ሁኑ ዶርዜ፣ ሽሮ ሜዳም ሁኑ ጉለሌ፣ አስመራም ሁኑ ድሬዳዋ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን አባቶችና እናቶች ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የት እንደነበሩ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ስታዲየም የገባ ካለ የሚያስታውሰውን ጎል ያውራ፤ መንገድ ዳር የቆመ ካለ የሰማውን ዘፈን ይናገር። ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስማቸውንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለነገ አታሳድሩት።